ስለ ቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች ዓመታዊ ሽያጭ ግምት

ገበሬ ዘሩን ከመዝራቱ በፊት ሰማዩን ያያል፤ ነጋዴም ዕቃ ከማምጣቱ በፊት ገበያውን ይጠይቃል። ሁለቱም ገና ያልመጣውን ነገር ባለፈው ነገር ለመመዘን ይሞክራሉ። ይህ ሥራ ግምት ይባላል። ግምት ትንቢት አይደለም፤ ነቢይ የሚናገረው ተገልጦለት ነው፤ ገማች ግን የሚናገረው ቈጥሮና አመዛዝኖ ነው። ስለዚህ ገማች በመሳሳቱ ሊያፍር አይገባውም፤ የሚያሳፍረው የተሳሳተበትን ምክንያት ሳይመረምር የቀረ እንደ ሆነ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ቀድሞ እንግዶችን ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ እየመራ ይተዳደር ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በዓለም ላይ በተዛመተ ጊዜ እንግዳው ቀረ። ከዚያም ከሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከተማችን ላሊበላ በጦርነት መካከል ወድቃ ሰነበተች፤ ሥራውም ፈጽሞ ተቋረጠ። ባለፈው ዓመት የቀረችውን ጥቂት ጥሪት፥ እናታችንም በጎቿን ሸጣ የጨመረችለትን ገንዘብ ይዞ የፕሌይስቴሽን ቤት ለመክፈት ዐሰበ።

አንድ ቀን ማታ በስልኩ ላይ የአንድ አዲስ መሣሪያ ሥዕል አሳየኝና «ይህን ጨዋታ የሚያጫውተው ይህ መሣሪያ ብቻ ነው። በውጭ አገር ሕዝቡ ተሰልፎ የሚገዛው ስለዚህ ጨዋታ ሲል ነው አሉ። እኔም ይህን ባመጣ የከተማው ልጅ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አንተ ሒሳብ ትማር የለም? እስቲ አስላልኝ» አለኝ። እናታችን ምጣዱን እያሰሰች ትሰማ ነበርና «ልጆቼ፥ ገንዘቡ የበጎቹ ነው፤ አስተውላችሁ አስሉ» አለች። እኔም ነገሩን መመርመር ጀመርሁ። ያገኘሁትንም እነሆ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ አቀርባለሁ። የመሣሪያዎቹን ታሪክ በተናገርሁበት ስፍራ የተጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆኑ፥ «ዓ.ም.» ያልሁባቸው ግን የእኛው ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሎቹ ላስረዳ። ኮንሶል የሚባለው ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ጨዋታ የሚያሳይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ ጆይስቲኩን በእጁ ይዞ በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ሥዕል ያንቀሳቅሳል። በዛሬው የዓለም ገበያ ስመ ጥሩ የሆኑት ሦስት ድርጅቶች ናቸው፤ እነርሱም የፕሌይስቴሽን ባለቤት የጃፓኑ ሶኒ፥ የስዊች ባለቤት የጃፓኑ ኒንቴንዶ፥ የኤክስቦክስ ባለቤት የአሜሪካው ማይክሮሶፍት ናቸው።

ጨዋታዎቹም በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን በየትኛውም ድርጅት መሣሪያ ላይ የሚሠራው ነው፤ ይህን «የሁሉም መሣሪያ ጨዋታ» እንበለው። ሁለተኛው ወገን ኤክስክሉሲቭ የሚሉት፥ በአንድ ድርጅት መሣሪያ ላይ ብቻ እንዲሠራ ተወስኖ የተዘጋጀ ጨዋታ ነው፤ ይህን ደግሞ «የአንድ መሣሪያ ጨዋታ» እንበለው። ድርጅቶቹ እንዲህ የሚያደርጉበት ምክንያት ግልጽ ነው። መሣሪያው ራሱ ብዙ ጊዜ በጥቂት ትርፍ፥ አንዳንድ ጊዜም በኪሣራ ይሸጣል። ትርፉ የሚመጣው ከጨዋታዎቹ ነው፤ ሌሎች ሠሪዎች በመሣሪያው ላይ ከሚሸጡት ጨዋታም ባለ መሣሪያው ድርሻውን ይቀበላል። ስለዚህ ሰውን ወደ ቤታቸው የሚያስገባ አንድ ተወዳጅ ጨዋታ ማዘጋጀት ለእነርሱ ትልቅ ጥቅም አለው።

የላስታ ልጅ ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከአለት ተፈልፍለው የተሠሩት ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናታችን እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ቤተ ጊዮርጊስን በዓይኑ ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ላሊበላ ከመምጣት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህም ከሩቅ አገር ባሕር ተሻግሮ፥ ተራራ ወጥቶ ይመጣል። ይሁን እንጂ በ2012 ዓ.ም. በሽታው፥ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ቤተ ጊዮርጊስ በስፍራው ነበረ፤ ከግርማውም አንዳች አልጐደለም፤ እንግዳው ግን አልመጣም። እንግዲህ በሌላ ስፍራ የማይገኝ ነገር ሰውን የመሳብ ኀይል አለው፤ የተዘጋውን መንገድ ለመክፈት ግን አይችልም። ይህን ምሳሌ በልባችን ይዘን ወደ ቍጥሩ እንሂድ።

ኒንቴንዶ የተባለው ድርጅት የሒሳብ ዓመቱን አፕሪል 1 ቀን ጀምሮ በሚከተለው ዓመት ማርች 31 ቀን ይፈጽማል። አዲሱ ዓመት እንደ ተጀመረም «በዚህ ዓመት ይህን ያህል መሣሪያ እንሸጣለን» ብሎ ግምቱን ለሕዝብ ያስታውቃል። ስዊች የተባለው መሣሪያ ማርች 3 ቀን 2017 ለገበያ ወጣ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ በየዓመቱ መጀመሪያ የገመተውና በዓመቱ መጨረሻ የሸጠው እንደሚከተለው ነው፤ ቍጥሩ በሚሊዮን ነው።

እስከ ማርች 2018፦ ግምት 10፤ ሽያጭ 15.05
እስከ ማርች 2019፦ ግምት 20፤ ሽያጭ 16.95
እስከ ማርች 2020፦ ግምት 18፤ ሽያጭ 21.03
እስከ ማርች 2021፦ ግምት 19፤ ሽያጭ 28.83
እስከ ማርች 2022፦ ግምት 25.5፤ ሽያጭ 23.06
እስከ ማርች 2023፦ ግምት 21፤ ሽያጭ 17.97
እስከ ማርች 2024፦ ግምት 15፤ ሽያጭ 15.70
እስከ ማርች 2025፦ ግምት 13.5፤ ሽያጭ 10.80

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሰንጠረዥ ደግመህ ተመልከት። ከስምንቱ ዓመት በአራቱ ሽያጩ ከግምቱ በለጠ፤ በአራቱ ደግሞ አነሰ። በሁለቱ ዓመቶች ስሕተቱ ግማሽ ያህል ሆነ። ይህን የገመተው የሩቅ ተመልካች አይደለም፤ የመሣሪያው ባለቤት ራሱ ነው። በሚመጣው ዓመት የትኞቹ ጨዋታዎች እንደሚወጡ ሌላው ሰው ሳያውቅ እርሱ ያውቃል። የአንድ መሣሪያ ጨዋታ ብቻውን ሽያጭን የሚወስን ቢሆን ኖሮ፥ ምስጢሩን የያዘው ድርጅት እንዲህ ባልተሳሳተም ነበር። ስለዚህ ሽያጩን የሚወስኑት ነገሮች ብዙ መሆናቸውን እንረዳለን። እነርሱንም አንድ በአንድ እንመልከት።

1ኛ፤ የመሣሪያው ዕድሜ። መሣሪያ እንደ ሰው ልጅነት፥ ጐልማሳነትና እርጅና አለው። የስዊች ሽያጭ ከ15 ሚሊዮን ተነሥቶ በአራተኛው ዓመት ወደ 28 ሚሊዮን ከወጣ በኋላ እየወረደ በስምንተኛው ዓመት 10.80 ሚሊዮን ደረሰ። በመጀመሪያ የሚገዙት ጨዋታን አጥብቀው የሚወዱት ናቸው፤ ቀጥለው የቤተ ሰቡ ሰዎች ይገዛሉ፤ በመጨረሻም ሊገዛ የሚፈልገው ሁሉ ገዝቶ ያልቃል። ገማች አስቀድሞ የሚጠይቀው «መሣሪያው ስንተኛ ዓመቱ ነው?» ብሎ ነው።

2ኛ፤ ወቅት። የፈረንጆች ገና ዲሴምበር 25 ቀን ስለሚውል፥ ስጦታ መለዋወጥም ልማዳቸው ስለ ሆነ፥ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያሉት ሦስት ወሮች ዘወትር ትልቁ የሽያጭ ጊዜ ናቸው። ይህም በከተማችን ለገና በዓል የሚሰበሰበውን ምእመን እያሰበ አልጋውንና ስንቁን እንደሚያዘጋጅ ባለ ማረፊያ ቤት ነው። የታኅሣሥን ገበያ አይቶ የሰኔን የሚገምት ሰው ይሳሳታል።

3ኛ፤ ዋጋና የዕቃው መገኘት። ኒንቴንዶ በ2011 ዓመት 3ዲኤስ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ በአሜሪካ በ249.99 ዶላር አወጣ። ገዢው ስላነሰ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ዋጋውን ወደ 169.99 ዶላር አወረደው። በዓመቱ መጨረሻም ሱፐር ማሪዮ 3ዲ ላንድና ማሪዮ ካርት 7 የተባሉትን ሁለት የራሱን ጨዋታዎች አወጣ፤ ያን ጊዜ ገበያው አንሠራራ። ዋጋው ከወረደ በኋላ ጨዋታው ሲጨመር ሰው ገዛ ማለት ነው። ደግሞም ሰው ሊገዛ እየፈለገ ዕቃው የሚታጣበት ጊዜ አለ። በ2021 የኤሌክትሮኒክስ ቅንጣቶች በዓለም ላይ ባነሱ ጊዜ ኒንቴንዶ የ25.5 ሚሊዮን ግምቱን ወደ 24፥ ኋላም ወደ 23 ሚሊዮን ዝቅ አድርጎአል። ገዢ ሳይጠፋ ዕቃው ጠፋ።

4ኛ፤ ማንም ያላሰበው ነገር። አኒማል ክሮሲንግ የተባለው የስዊች ጨዋታ ማርች 20 ቀን 2020 ወጣ። ያን ጊዜ የኮሮና በሽታ የዓለምን ሕዝብ በየቤቱ የዘጋበት ወቅት ነበር። ጨዋታው በዐሥራ ሁለት ቀን ውስጥ 11.77 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። በዚያ የሒሳብ ዓመትም 19 ሚሊዮን ይሸጣል የተባለው መሣሪያ 28.83 ሚሊዮን ተሸጠ። ወንድሜን ሥራ ያስፈታው በሽታ በሌላ አገር ለአንድ ነጋዴ ታላቅ ገበያ ሆነለት። ከዚህ ውስጥ የበሽታው ድርሻ ምን ያህል ነው፥ የጨዋታውስ ምን ያህል ነው ብሎ ለመለየት አስቸጋሪ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ መጥተዋልና። ገማች ሁለት ምክንያት በአንድነት በመጣ ጊዜ ምስጋናውን ሁሉ ለአንዱ እንዳይሰጥ መጠንቀቅ አለበት።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። የአንድ መሣሪያ ጨዋታ በእርግጥ መሣሪያን ያሸጣልን?

አዎን፥ በተለይ መሣሪያው ገና ሕፃን ሲሆን ያሸጣል። ስዊች በወጣበት ወር በአሜሪካ 906 ሺህ ያህል ተሸጠ፤ አብሮት የወጣው ዜልዳ የተባለው ጨዋታ ለስዊች የተዘጋጀው ብቻ 925 ሺህ ያህል ተሸጠ። ጨዋታው ከመሣሪያው ቍጥር በለጠ! ይህ ዜልዳ በኒንቴንዶ በራሱ አሮጌ መሣሪያ ላይም ይሠራ ነበር እንጂ በሌላ ድርጅት መሣሪያ ላይ አይገኝም ነበር። ያን ጊዜ ሰው ስዊችን የገዛው ይህን ጨዋታ ለመጫወት እንደ ነበረ ቍጥሩ ይመሰክራል።

ሁለተኛውን ምስክር ደግሞ እንስማ። በዲሴምበር 2018 ሱፐር ስማሽ ብሮስ አልቲሜት የተባለው የስዊች ጨዋታ ወጥቶ አንድ ወር ሳይሞላው ከ12 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ይህ እጅግ ታላቅ ሽያጭ ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት 20 ሚሊዮን ይሸጣል የተባለው መሣሪያ 16.95 ሚሊዮን ላይ ቆመ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ ቀላል ነው። እንበልና አንድ መቶ ሰዎች አዲስ ጨዋታ ገዙ፤ ከመቶው ሰማንያዎቹ መሣሪያው ቀድሞውኑ በቤታቸው ካለ፥ ጨዋታው ያሸጠው መሣሪያ ሃያ ብቻ ነው። ስለዚህ «ጨዋታው ምን ያህል ይሸጣል?» የሚለው ጥያቄ አይበቃም። «ከሚገዙት ውስጥ መሣሪያው የሌላቸው ስንቶቹ ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መሣሪያው እያረጀ በሄደ መጠን ይህ ቍጥር ያንሳል። በሜይ 2023 የወጣው ሌላው ዜልዳ በሦስት ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን ተሸጦ ሳለ፥ የመሣሪያው የዓመት ሽያጭ ግን ካለፈው ዓመት ወርዶ ነበር።

ሦስተኛው ምስክር ዊ ዩ የተባለው መሣሪያ ነው። ኒንቴንዶ ይህን መሣሪያ በኖቬምበር 2012 አወጣ። ከእርሱ በፊት የነበረው ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ ስለ ተሸጠ፥ የልጁም ዕድል እንደ አባቱ ይሆናል ተብሎ ተስፋ ተጣለበት። እስከ ማርች 2014 ባለው ዓመት 9 ሚሊዮን ይሸጣል ተብሎ ተገመተ፤ በመካከሉ ግምቱ ወደ 2.8 ሚሊዮን ወረደ፤ በመጨረሻም የተሸጠው 2.72 ሚሊዮን ሆነ። ብዙ ሰው ዊ ዩ አዲስ መሣሪያ ይሁን ወይም ለዊ የሚጨመር ዕቃ ይሁን ለይቶ አላወቀም ነበር። በሜይ 2014 ማሪዮ ካርት 8 የተባለው ተወዳጅ የመኪና ጨዋታ ለዚህ መሣሪያ ወጣለት። በዚያ ዓመት ሽያጩ ወደ 3.38 ሚሊዮን ከፍ አለ፤ ግን ከዚያ አላለፈም። መሣሪያው በዕድሜው ሁሉ የተሸጠው 13.56 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ጨዋታውም በላዩ 8.46 ሚሊዮን ተሸጠ። ይኸው ማሪዮ ካርት 8 ጥቂት ተሻሽሎ በ2017 ወደ ስዊች በተሻገረ ጊዜ ግን ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ጨዋታው ያው ነው፤ የተሳፈረበት ፈረስ ግን ሌላ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ በስፍራው ሳለ መንገዱ እንደ ተዘጋበት ዘመን ሁሉ፥ ዊ ዩም መልካም ጨዋታ ይዞ መንገድ አጣ።

በአሁኑ ጊዜ ድርጅቶቹም በዚህ ነገር አሳባቸው ተለያይቶአል። ማይክሮሶፍት በ2024 ሲ ኦፍ ቲቭስ የተባለውን፥ በ2025 ደግሞ ፎርዛ ሆራይዘን 5 የተባለውን የራሱን ጨዋታ በተወዳዳሪው በፕሌይስቴሽን 5 ላይ እንዲሠራ አደረገ። ጨዋታውን ለብዙ ሰው መሸጥ፥ በእርሱ መሣሪያ ከመሸጥ ይሻላል ብሎ መቍጠሩ ነው። ኒንቴንዶ ግን ዛሬም ማሪዮንና ዜልዳን ለሌላ ኮንሶል አይሰጥም። ስዊች 2 የተባለው አዲሱ መሣሪያ ጁን 5 ቀን 2025 ማሪዮ ካርት ወርልድ ከተባለው ጨዋታ ጋር ወጥቶ በአራት ቀን ውስጥ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ለዓመቱ 15 ሚሊዮን ተብሎ የተገመተው በኖቬምበር ወር ወደ 19 ሚሊዮን ተስተካከለ። ከዚህ የምንማረው ሌላ ነገር፥ መልካም ገማች የመጀመሪያ ቃሉን አጥብቆ የሚይዝ ሳይሆን አዲስ ነገር ሲያይ ግምቱን በግልጽ የሚያርም መሆኑን ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ወንድሜን «ይህ ሒሳብ የተሠራው እያንዳንዱ ቤት የራሱን መሣሪያ ለሚገዛበት አገር ነው፤ የእኛ ነገር ሌላ ነው» አልሁት። የእኛን አገር ነገር ለመረዳት ደግሞ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በአንድ ጨዋታ ቤት ደጃፍ ለሁለት ሳምንት ያህል እየተቀመጥሁ ተመለከትሁ። በአንድ መሣሪያ ፊት ሁለት ልጆች ይጫወታሉ፤ ዐሥር ያህሉ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፥ ይስቃሉ፥ ይፈርዳሉ። ሒሳቡ የሚከፈለው በጨዋታ ቍጥር ነው፤ የተሸነፈው ይነሣል፥ ሌላው ይገባል። በድርጅቱ መዝገብ ላይ ግን ይህ ሁሉ ሕዝብ አንድ መሣሪያ ሆኖ ይቈጠራል።

የሚጫወቱትም ከሞላ ጐደል ሁልጊዜ እግር ኳስ ነበር። ዜልዳን የመሰለ ረዥም ታሪክ ያለው ጨዋታ አንድ ሰው ብቻውን ብዙ ሰዓት ተቀምጦ የሚጨርሰው ነው፤ በጨዋታ ቍጥር ለሚያስከፍል ቤት አይመችም፤ ለሚጠብቁት ልጆችም ያሰለቻል። እግር ኳሱ ግን በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ሁለት ሰው ያጋጥማል፤ ሕጉንም የማያውቅ ልጅ የለም። ይህም የእግር ኳስ ጨዋታ የሁሉም መሣሪያ ጨዋታ ነው፤ በአዲሱም በአሮጌውም ይሠራል። ፕሌይስቴሽን 2 የተባለው መሣሪያ በ2000 ወጥቶ እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ሲሠራ የኖረና ከ160 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ነው። ፊፋ 14 የተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ በ2013 በወጣ ጊዜ ለዚህ የዐሥራ ሦስት ዓመት አዛውንት ጭምር ተዘጋጅቶለት ነበር።

ስለዚህ በእኛ አገር ጨዋታ ቤት የአንድ መሣሪያ ጨዋታ ጕልበቱን ያጣል። መሣሪያ የሚያስመርጠው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ዋጋው፥ ቢበላሽ የሚጠግነው ሰው መገኘቱ፥ ጆይስቲኩ ሲሰበር ምትኩ በገበያ መኖሩ፥ ልጆቹም ቀድመው የለመዱት መሆኑ ነው። አዲሱን መሣሪያ ቢገዛ ገንዘቡ ሁሉ በአንድ ዕቃ ላይ ያልቃል፤ ልጆቹ ጨዋታውን እስኪለምዱት ይቸገራሉ፤ ቢሰበርም የሚያውቀው ጠጋኝ በቅርብ የለም።

ወንድሜ ነገሩን ሰምቶ ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን «ልቤ አዲሱን ይወዳል፤ ሒሳቡ ግን አሮጌውን ይላል» አለና አንድ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ከሁለት ጆይስቲክ ጋር ገዛ። በተረፈው ገንዘብ ቴሌቪዥንና አግዳሚ ወንበሮች አሟላ፤ ከፊሉንም ለእናታችን መለሰ።

አሁን የራሴን ስሕተት ልናገር። ቤቱ ሊከፈት ሲል በደብተሬ ላይ «በቀን 40 ጨዋታ» ብዬ ግምቴን ጻፍሁ። ያገኘሁትም በሰዓት የሚጫወቱትን ቈጥሬ በሰዓቱ ብዛት በማባዛት ነበር። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ቍጥሩን ስናካፍለው በቀን 25 ብቻ ሆነ። ስለ ዋጋ፥ ስለ ወቅት፥ ስለ ጨዋታው ዓይነት ሁሉ ዐስቤአለሁ፤ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ግን አልቀነስሁም። ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ወራት ከተማችን መብራት ሳይኖራት በሻማ ያጠናሁ ልጅ፥ መብራትን መርሳቴ እስካሁን ይገርመኛል። የሁለተኛውን ወር ግምት የመብራቱን ሰዓት ቀንሼ፥ የቅዳሜንና የእሑድን ለብቻው ቈጥሬ 28 አልሁ፤ 27 ሆነ። በሦስተኛው ወር ፈተና ደረሰና ቍጥሩ እንደገና ወረደ፤ እርሱን ግን አስቀድሜ ጽፌው ነበር። ቤቱ ባለጠጋ አላደረገንም፤ ነገር ግን አልተዘጋም፤ ወንድሜም በሚያዝያ ወር ለእናታችን ሁለት የበግ ጠቦቶች ገዝቶላታል።

ወዳጆቼ ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ የተማርሁት በአጭሩ ይህ ነው። በዓለም ላይ የተወደደ ነገር ሁሉ በእኛ ሰፈር ገበያ ያገኛል ብለን ከመነሣታችን በፊት፥ በዚያ አገር ሰው ስለ ምን እንደሚገዛ፥ በእኛም አገር ስለ ምን እንደሚከፍል ለይተን እንጠይቅ። የአንድ መሣሪያ ጨዋታ ትልቅ ኀይል አለው፤ ኀይሉ የሚሠራው ግን መሣሪያው አዲስ፥ ዋጋው የሚቻል፥ ዕቃው የሚገኝ፥ ገዢውም ገና ያልገዛ ሲሆን ነው። ደግሞም ግምታችንን አስቀድመን በወረቀት ላይ እንጻፍ። ያልተጻፈ ግምት ነገሩ ከሆነ በኋላ «ብዬ ነበር» ለማለት ይመቻል እንጂ አያስተምርም። የተጻፈ ግምት ግን ሲሳሳትም ያስተምራል። እኔንም በ15 ጨዋታ የተሳሳትሁበት ገጽ ከብዙ ትክክለኛ መልስ ይልቅ አስተምሮኛልና፥ ያን ደብተር እስካሁን አስቀምጨዋለሁ።